አምስት ጥይት በስድስት ጎራሽ

የካውቦይ ፊልም ያየ ሁሉ ያንን ትዕይንት ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች አቧራማ መንገድ ላይ ይፋጠጣሉ፣ የየቤቱ መስኮት ይዘጋል፣ ቀድሞ የመዘዘው ይተርፋል። አሜሪካ ውስጥ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ ዝናር ታጥቀው፣ የ19ኛውን መቶ ዘመን ልብስ ለብሰው ለተኩስ ውድድር የሚሰለፉ ሰዎች ይህንኑ ፊልም በልባቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ሜዳው ላይ ግን መፋጠጥ የሚባል ነገር የለም። ባዶ ሽጉጥ እንኳ ቢሆን አፈሙዙ በሰው ላይ ካለፈ ተወዳዳሪው የዚያን ዙር ውጤት ያጣል፤ ጥይት ካለበት ደግሞ ዕቃውን ሰብስቦ ከውድድሩ ይሰናበታል። ሥርዓት አልባውን ዘመን ያስታውሳል የሚባለው ጨዋታ ከእግር እስከ ራሱ ደንብ ነው። ደንቦቹን ቀረብ ብሎ ለመረመራቸው ደግሞ አብዛኞቹ ከመሣሪያዎቹ እርጅና የተወለዱ ናቸው።

ጨዋታው ካውቦይ አክሽን ሹቲንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሃርፐር ክሬይ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰውና ጓደኞቹ በካውቦይ ዘመን መሣሪያ የመወዳደር ሐሳብ ጠነሰሱ፤ በ1982 ኮቶ ዴ ካዛ በተባለ ስፍራ «ኤንድ ኦፍ ትሬይል» ብለው የሰየሙትን የመጀመሪያ ውድድር አካሄዱ። በ1987 ሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ፣ በአጭሩ ሳስ፣ ተመሠረተ። ዛሬ ደንቡ ከአሜሪካ አልፎ በካናዳ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በአውሮፓ ይሠራበታል። አባል የሚሆን ሰው ሌላ ማንም ያልያዘው የጨዋታ ስም አውጥቶ ይመዘገባል፤ ሜዳ ላይ የሚጠራውም በዚያ ነው። ክሬይ ለራሱ የወሰደው የዳኛ ሮይ ቢንን ስም ነበር፤ ቴክሳስ ውስጥ በገዛ መጠጥ ቤቱ ችሎት ይሰይም የነበረውን ሰው።

ተወዳዳሪው የሚቀርበው አራት መሣሪያ ይዞ ነው። ሁለቱ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ናቸው። ሦስተኛው ከቃታው ሥር ባለ ማንሻ የሚቀባበል፣ የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። አራተኛው የድሮ ዓይነት ሾትጋን ነው፤ ብዙዎች ባለ ሁለት አፈሙዙን ይመርጣሉ። በ1873 የወጡት የኮልት ሽጉጥና የዊንቸስተር ጠመንጃ ሞዴሎች የሜዳው ነገሥታት ናቸው፤ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለውን ዋናውን መግዛት ለማይችል ጣሊያኖቹ ኡበርቲና ፒዬታ ቅጂውን ይሠራሉ። በእነዚህ ሽጉጦች ቃታው አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ መምቻውን መልቀቅ። ለእያንዳንዷ ጥይት መምቻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበል የተኳሹ ድርሻ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የድሮው ኮልት መርፌ መምቻው ላይ የተተከለ ነው። መምቻው ወርዶ ሲያርፍ መርፌው በጥይቱ ኋላ ባለችውና ባሩዱን በምታቀጣጥለው ቆብ ላይ ይቀመጣል። ሽጉጡ ቢወድቅ ወይም መምቻው ከአንድ ነገር ጋር ቢጋጭ ማንም ቃታ ሳይስብ ይተኩሳል። በ1876 ዊቺታ፣ ካንሳስ ውስጥ፣ ያኔ የከተማው ፖሊስ የነበረው ዝነኛው ዋያት ኧርፕ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሳለ ሽጉጡ ከማኅደሩ ሾልኮ ወደቀ፤ መምቻው ወንበር መታ፤ ጥይቷ ኮቱን በስታ ጣሪያው ውስጥ ገባች። ፊልሞቹ ይህን አያሳዩንም።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ከስድስቱ ቤቶች አንዱ ባዶ ይሆናል፣ መምቻውም በባዶው ላይ ያርፋል። ሳስ ይህን ልማድ ደንብ አደረገው፤ ማንም ተወዳዳሪ በአንድ ሽጉጥ ከአምስት ጥይት በላይ አያጎርስም። ሩገር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1993 ያወጣው ቫኬሮ የሚባለው ሽጉጥ መልኩ የድሮ ቢሆንም ውስጡ ዘመናዊ ነው፤ ቃታው እስከ መጨረሻው ሲሳብ ብቻ የመምቻውን ምት ወደ መርፌው የሚያስተላልፍ ብረት አለው። በስድስት ጥይት ተሞልቶ ቢወድቅ አይተኩስም። ደንቡ ግን ለእሱም አምስት ብቻ ነው የሚፈቅደው። አንዳንዱ ይህን ግትርነት ይለዋል፤ እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል። ልዩ ሁኔታ ያለው ደንብ በእያንዳንዱ ሰው ማኅደር ውስጥ ያለው ሽጉጥ የትኛው እንደሆነ የሚመረምር ዘበኛ ይፈልጋል። ሁሉም አምስት ከሆነ ግን ቆጣሪው ጥይት መቁጠር ብቻ ይበቃዋል።

የሚቆጠረውም በአንድ ቦታ ነው። ተወዳዳሪዎች በቡድን በቡድን ይከፈላሉ፤ ቡድኑ ሽፍታ ለማሳደድ የሚሰበሰበውን የጥንቱን ጭፍራ በማስታወስ ፖሲ ይባላል። ተራው የደረሰ ሰው ወደ ማጉረሻው ጠረጴዛ ይቀርባል፤ ሰዓቱ ሳይጀምር ከዚያ ጠረጴዛ ውጭ ጥይት ማጉረስ ክልክል ነው። የጠረጴዛው ኃላፊ በዓይኑ እያየ አምስት አምስት ጥይት ወደ ሽጉጦቹ ይገባል፤ መምቻው በባዶው ቤት ላይ ማረፉ ይረጋገጣል። ጠመንጃው ሆዱ ጥይት ቢይዝም አልተቀባበለም፤ ሾትጋኑ ተከፍቶ ባዶውን ይሄዳል፣ የሚጎርሰው ሰዓቱ መቁጠር ከጀመረ በኋላ ነው። አጉርሶ የጨረሰ ሰው ወደ ተኩሱ መስመር ካልሆነ በቀር የትም አይሄድም። በሌላው ጫፍ ማራገፊያው ጠረጴዛ አለ። በሁለቱ መካከል ካለው ሰው በስተቀር ሜዳው ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ ባዶ ነው ማለት ነው።

በጥቅምት 2021 ከሳንታ ፌ፣ ኒው ሜክሲኮ ወጣ ብሎ «ረስት» የተባለው የካውቦይ ፊልም ሲቀረጽ የሲኒማቶግራፈሯን የሃሊና ሃቺንስን ሕይወት ያጠፋው መሣሪያም የድሮው ኮልት ቅጂ ነበር። እውነተኛ ጥይት መኖር በሌለበት ሽጉጥ ውስጥ ተገኘ። ሳስ የዓለም ሻምፒዮናውን ለዓመታት ያካሄደበት የኤጅውድ ሜዳም በዚያው በሳንታ ፌ አውራጃ ነው። በውድድሩ ሜዳ እውነተኛ ጥይት በሺዎች ይተኮሳል፤ በፊልሙ ሥፍራ አንድም መኖር አልነበረበትም። የማጉረሻው ጠረጴዛ ለምን እንደዚያ እንደሚጠበቅ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ መስመሩ እንለፍ። አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው አቅጣጫ ነው፤ ከቀጥታው መስመር ወደየትኛውም ወገን ከ85 ዲግሪ በላይ መዞር አይችልም። ሁለቱ ወገን ሲደመር 170 ይሆናል፤ ተወዳዳሪዎቹም ደንቡን በዚሁ ቁጥር ነው የሚጠሩት። ሙሉው ግማሽ ክብ 180 ስለሆነ በየወገኑ አምስት አምስት ዲግሪ ለስሕተት ተቀንሷል። የሽጉጡ ማኅደር እንኳ ከቁም መስመር ከ30 ዲግሪ በላይ መዝመም የለበትም። ሽጉጡን በተቃራኒው ጎን ሆዱ ላይ አጋድሞ የታጠቀ ሰው ሲመዝዝ አፈሙዙ ወደ ጎን ስለሚያይ መጀመሪያ ወገቡን ያዞራል። ለተመልካች ጭፈራ ይመስላል፤ ለእሱ ግን ከቅጣት ማምለጫው ነው።

ተቀባብሎ ጥይት ያለበትን መሣሪያ ይዞ መራመድም አይቻልም። እዚህ ላይ ደንቡ ሐሳቡን ከቅርጫት ኳስ ተውሷል፤ አንደኛው እግር ከተተከለበት ካልተነቀለ ሌላውን ማንቀሳቀስ ይፈቀዳል። ከዚያ ያለፈ ርምጃ ያስቀጣል። የወደቀ መሣሪያን ደግሞ የጣለው ሰው አያነሣውም፤ ዳኛው አንሥቶ፣ ባዶ መሆኑን አይቶ ይመልስለታል። እየወደቀ ያለን ነገር እጅ ሳያስብ ለመቅለብ ይሮጣል፤ ጣት ቃታ ውስጥ የሚገባውም ያኔ ነው።

ዒላማው ብረት ነው፤ ሲመታ ይጮኻል፣ ተኳሹም ተመልካቹም ውጤቱን ወዲያው ይሰማል። ደንቡ የሚመክረው ለሽጉጥ ከ7 እስከ 10 ያርድ፣ ማለትም ከዘጠኝ ሜትር ብዙ የማያልፍ ርቀት ነው፤ ስፋቱም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል። ሌላ ዓይነት ተኩስ የለመዱ ሰዎች በዚህ ይስቃሉ፤ በእጅ ሊነካ የሚቃረብ ዒላማ መምታት ምኑ ውድድር ነው ይላሉ። ሰዓቱን ቢያዩ ግን ሳቁ ይቀንሳል። አሥር የሽጉጥ፣ አሥር የጠመንጃ፣ አራት የሾትጋን ጥይት፣ አራት መሣሪያ እየቀያየሩና ከቦታ ቦታ እየተጓዙ፣ ፈጣኖቹ ከ20 ሰከንድ በታች ይጨርሱታል። ውድድሩ የዓይን ሳይሆን የእጅ ነው።

ቅርበቱ ራሱ ግን አደጋ ይወልዳል፤ ብረት የመታ ጥይት ይመለሳል። ስለዚህ መዳብ የለበሰ ጥይት ፈጽሞ አይገባም፤ ብረት ሲነካ የሚፈረካከሰው እርሳስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ፍጥነቱም ገደብ አለው፤ የሽጉጥ ጥይት በሰከንድ ከ1,000 ጫማ፣ የጠመንጃ ከ1,400 ጫማ መብለጥ የለበትም። ዒላማው ፍንጣሪውን ወደ መሬት እንዲጥል ወደ ፊት ዘንበል ተደርጎ ይተከላል። የዓይን መከላከያ ለተኳሹ ብቻ ሳይሆን መስመሩ አጠገብ ላለ ሁሉ ግዴታ ነው። ጥይቱን ለስላሳ ለማድረግ ባሩድ የሚያሳንሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣሉ፤ ባሩዱ ከመጠን በላይ ሲያንስ ጥይቷ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅራ ትቀራለች፤ ከኋላዋ ሌላ ቢተኮስ መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ሰዓት ያዡ ድምፁ የሳሳ ተኩስ ሲሰማ ተኳሹን የሚያስቆመው ለዚህ ነው። ዒላማውን የሚያዩት ሌሎች ናቸው፤ እሱ የሚያየው መሣሪያውን ነው።

እስካሁን ያወራነው በመጽሐፍ ስለሰፈረው ደንብ ነው። ለእኔ የጨዋታው ትልቁ ጥበብ ያለው ግን ዙሩን በሚደርሰው ሰው ዘንድ ነው። እያንዳንዱ ዙር ትንሽ ድርሰት ነው፤ ባንክ፣ እስር ቤት፣ መጠጥ ቤት የሚመስል የእንጨት ፊት ይቆማል፤ ተኳሹ ካርታ በእጁ ይዞ ጠረጴዛ አጠገብ ይቆማል ወይም ባርኔጣውን ይይዛል፤ የተሰጠችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ የሰዓቱ ድምፅ ይሰማል። ካርታውና ባርኔጣው ለቲያትር ብቻ የገቡ ይመስላሉ። የሁሉም ሰው እጅ ከማኅደሩ እኩል ርቆ እንዲጀምር የሚያደርጉትም ግን እነሱ ናቸው።

መጥፎ ደራሲ ሰውን ለማሳሳት ይጽፋል። አንደኛውን ሁለቴ፣ ሦስተኛውን አንዴ፣ ተመልሰህ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ከቀኝ ጀምር እያለ። ያኔ ተኳሹ በአእምሮው ቁጥር እየፈታ በእጁ የተቀባበለ መሣሪያ ይይዛል፤ የሚረሳውም አፈሙዙን ነው። ጥሩ ደራሲ መንገዱን የሚያቀናው ሰውነት ሳያስብ የሚሠራው ትክክለኛው እንዲሆን ነው። ጠረጴዛው መሣሪያው በጎኑ ተጋድሞ አፈሙዙ ወደ ዒላማ እያየ እንዲያርፍ ሰፊ ይሆናል፤ ግድግዳ ላይ ማስደገፍ የለም። መሣሪያ ተይዞ ወደ ኋላ መመለስ የለም። በር የሚከፈት ከሆነ የሚከፈተው ሁለቱም እጅ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። ለቀኝ እጅ የተመቸው ጉዞ ግራኙን አፈሙዙን እንዲያዞር ስለሚገፋው ከየትኛውም ጫፍ ለመጀመር ይፈቀዳል።

ቅጣቱም የድርሰቱ አካል ነው። የሳተ ጥይት 5 ሰከንድ፣ የተሳሳተ ቅደም ተከተል 10 ሰከንድ፣ ቀላል የደኅንነት ጥፋትም 10 ሰከንድ ይጨምራል። ብልጥ ተወዳዳሪ ሒሳብ መሥራቱ አይቀርም፤ የታዘዘውን ሁሉ ከመፈጸም አሥሩን ሰከንድ መቀበል የሚያዋጣ ከሆነ ይቀበላል። ለዚህ ዓይነቱ የጨዋታውን መንፈስ መጣስ የሚል 30 ሰከንድ ተቀምጦለታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በአንድ ዙር ብዙ ሰው አሥር ሰከንድ ከተቀጣ ጥፋተኛው ተኳሹ ሳይሆን ደራሲው ነው።

መሳቱን የሚቆጥሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸድቃል፤ ጥርጣሬ ካለ ለተኳሹ ይፈረዳል። ደኅንነት ላይ ግን ወዳጅነትም ይሉኝታም አይሠራም። ባዶ መሣሪያ መጣል ዙሩን ያሰርዛል፣ ጥይት ያለበትን መጣል ከውድድሩ ያስወጣል፤ ሁለት ዙር የተሰረዘበትም እንዲሁ ይወጣል። ጠመንጃውን አስቀምጦ ሽጉጥ የመዘዘ ሰው ጠመንጃው ውስጥ ባዶ ቀለህ ትቶ ከሆነና የሚቀጥለውን ጥይት ከመተኮሱ በፊት ካላስተካከለው ይቀጣል።

ሰዓቱ ከቆመ በኋላ ጭብጨባው ይቀልጥ እንጂ ተኳሹ ገና አልጨረሰም። አራቱንም መሣሪያ ይዞ ማራገፊያው ጠረጴዛ ይሄዳል፤ የሽጉጦቹ ቤቶች አንድ በአንድ ይታያሉ፣ የጠመንጃው ሆድ ይፈተሻል፣ አንዲት ጥይት ያልተተኮሰበትም ቢሆን ባዶነቱ ይታያል። ኃላፊው ካየ በኋላ ጠመንጃውና ሾትጋኑ አፋቸውን እንደከፈቱ ጋሪው ላይ ይሰካሉ፤ ሰውየውም ተራው ከሆነ የሚቀጥለውን ተኳሽ ጥይት ሊቆጥር ወደ ማጉረሻው ያልፋል።