ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ቁርጥማት

በደቡብ ታንዛንያ በኔዋላ አካባቢ የሚኖሩት የማኮንዴ ሰዎች፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 እና በ1953 ዓ.ም. ብርቱ ትኩሳት በመካከላቸው ገብቶ ሕመምተኛውን ሁሉ ሲያጎብጥ ባዩ ጊዜ፣ በሽታውን በቋንቋቸው ቺኩንጉንያ አሉት። ትርጓሜውም የሚያጎብጥ ማለት ነው። ሐኪሞችም ስሙን ሳይለውጡ ተቀበሉት፤ እኛም ከዚህ የተሻለ ስም ይገኝለታል ብለን አናስብም።

በሽታው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ በድሬዳዋ ተነሥቶ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስተኝቷል።

ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ጠያቂውም «እንኳን እግዜር ማረሽ» ብሎ ወደየቤቱ ይመለሳል። የቤቱ እመቤት ግን በማግስቱ ማለዳ ስትነሣ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል፤ ልብስ መጭመቅ፣ እንስራ ማንሣት፣ አክንባሎውን ከምጣዱ ላይ መግለጥ ይሳናታል። ቁርጭምጭሚቷና ጉልበቷም ያብጣል። ይህ ነገር በአንዳንዱ ሰው ላይ ለሳምንታት፣ በሌላው ላይ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ይቆያል። በዕድሜ የገፉትና አስቀድሞ የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባቸው ይበልጥ ይጎዳሉ።

እኛን ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳዝነን በቤት ውስጥ የሚነገረው ቃል ነው። ባል «ትኩሳቱ ለቋት ሳለ ምን ሆና ትቀመጣለች?» ይላል፤ አማትም ታጉረመርማለች። ሕመምተኛዋ ግን ሰንፋ አይደለም። የበሽታው ተሕዋስ ወደ መገጣጠሚያ በገባ ጊዜ ሰውነት ሊከላከለው ሲዋጋ ስፍራው ይቆጣል፤ ተሕዋሱ ከደም ከጠፋ በኋላም ቁጣው ቶሎ አይበርድም። አጥንቱ አልተሰበረም፣ አልወለቀምም፤ ስለዚህ ወጌሻ ጠርቶ ማስጎተት ሥቃይ መጨመር ብቻ ነው።

ተሕዋሱን የሚገድል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሐኪም የሚሰጠው ማስታገሻ ነው። ነገር ግን ትኩሳቱ ገና ሳይለቅ አስፕሪን ገዝቶ በራስ ፈቃድ መዋጥ አይገባም፤ ደንጌ የሚባለውን ትኩሳት የምታመጣውም ያችው ቢምቢ ስለ ሆነች፣ በሽታው ደንጌ ሆኖ ቢገኝ አስፕሪን ደም መፍሰስን ያብሳልና። ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ ጣትንና ጉልበትን ጧትና ማታ በቀስታ ማንቀሳቀስ፣ የደረቀውንም መገጣጠሚያ በሞቀ ፎጣ መሸፈን ይረዳል። ከባዱን ሥራ ቤተ ሰቡ ይከፋፈለው። እብጠቱ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል፤ ሌላ የመገጣጠሚያ በሽታ ሊሆን ይችላልና።

ይህች ቢምቢ እንደ ወባዋ ሌሊትን አትጠብቅም፤ በቀን ትነድፋለች። የምትራባውም በረግረግ ሳይሆን በጓሯችን ባለው በርሜል፣ በተጣለ ጎማና በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ በርሜል አታኑሩ ማለት ከንቱ ነው፤ ክዳኑ ግን ይግጠም፣ ውሃውም በየሳምንቱ ይለወጥ። እንቁላሏ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ያለ ውሃ ለወራት ስለሚቆይ፣ በርሜሉን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ውስጡ በብሩሽ መታሸት አለበት።