ራሱን የሚቀይረው የደብዳቤ ቀን፦ መንስኤውና መፍትሔው

በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ራስጌ ላይ የሚሰፍሩት «ቁጥር» እና «ቀን» የሚሉት ሁለት መስመሮች ከደብዳቤው ይዘት ያላነሰ ክብደት አላቸው። ቀኑ ያልታወቀ ደብዳቤ ትዕዛዙ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና አያስረዳም። ቅር የተሰኘ ወገንም እስከ መቼ ድረስ አቤት ማለት እንደሚችል ለማወቅ ይቸገራል።

ሕጎቻችንም ብዙ መብቶችን ከቀን ቆጠራ ጋር አያይዘዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ የሚባለው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ መሆኑን ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ የሥራ ውሉ ከሕግ ውጭ የተቋረጠበት ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ የሚያቀርብበትን ጊዜ በሦስት ወር ገድቦታል። ጊዜው ካለፈ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል።

ይህን ያህል የሚመዝነውን ቀን ዛሬ በብዙ ቢሮዎች የሚጽፈው ሰው ሳይሆን የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። ጸሐፊዋ ወይም ጸሐፊው ሁለት ጊዜ በመጫን የዕለቱ ቀን በተፈለገው ቅርጽ ተስተካክሎ እንዲገባ ያደርጋሉ። ሥራውን ማቅለሉ አያጠራጥርም። ሆኖም ይህ አገልግሎት እንዴት እንደሚሠራ ካልታወቀ፣ ማንም ሳያስበውና ሳይነካው የቆየ ሰነድን ቀን ሊያጠፋ ይችላል።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 2024፣ ማለትም ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. የአንድን ሠራተኛ የሥራ ውል ማቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አዘጋጀ እንበል። ደብዳቤው ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ለሠራተኛው ተሰጠ። ከአራት ወራት በኋላ ክርክር ሲነሣ የሰው ኃይል ክፍሉ ፋይሉን ከኮምፒውተር ከፍቶ ቅጂውን አተመ። በዚህኛው ቅጂ ራስጌ ላይ የሚነበበው ግን ሜይ 27 ቀን 2024፣ ማለትም ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ቀን ከተቆጠረ የሦስት ወሩ ጊዜ አልፏል፤ በሁለተኛው ከተቆጠረ ገና መጀመሩ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ከአንድ ፋይል የወጡ ናቸው። ሐሰተኛ ሰነድ ያዘጋጀ ሰው የለም፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች እርስ በርስ ለመጠራጠር በቂ ምክንያት አግኝተዋል።

ቀኑ ለምን ይለወጣል?

በስፋት በሚሠራበት ማይክሮሶፍት ወርድ «ኢንሰርት» በሚለው ክፍል ሥር «ዴት ኤንድ ታይም» የሚል ትዕዛዝ ይገኛል። ትዕዛዙ ሲነካ የተለያዩ የቀን አጻጻፍ ዓይነቶችን የያዘ ሳጥን ይከፈታል። በሳጥኑ ታችኛው ክፍል «አፕዴት አውቶማቲካሊ»፣ ማለትም «በራስህ አድስ» የሚል አነስተኛ ምልክት ማድረጊያ አለ። የችግሩ ሁሉ ቁልፍ ይህች ምልክት ናት።

ምልክቱ ካልተደረገበት የሚገባው ቀን እንደማንኛውም በእጅ የተጻፈ ቃል ባለበት ይቀራል። ምልክቱ ከተደረገበት ግን የሚገባው ጽሑፍ ሳይሆን «ፊልድ» የሚባል የተደበቀ ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙ ፕሮግራሙን «የኮምፒውተሩን ሰዓት ተመልክተህ የዛሬውን ቀን አሳይ» ይለዋል። በመሆኑም ሰነዱ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ይታደሳል። ከፊደል ገበታው ላይ «አልት»፣ «ሺፍት» እና «ዲ» የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት በመጫን የሚገባው ቀንም የዚሁ ዓይነት ተለዋዋጭ ቀን ነው። ይህን አቋራጭ የለመዱ ብዙ ጸሐፊዎች ልዩነቱን ሳያውቁት ይኖራሉ።

ተለዋዋጩ ቀን የራሱ ቦታ አለው። በየቀኑ እየታተመ ለሚወጣ ቅጽ ወይም ገና በረቂቅ ላይ ላለ ሰነድ ይጠቅማል። ተፈርሞ ለወጣ ደብዳቤ፣ ለቃለ ጉባኤ፣ ለውልና ለደረሰኝ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይታረማል?

አንድ ቀን ተለዋዋጭ መሆኑን ለማወቅ በላዩ ላይ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። ፊልድ ከሆነ ጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ቀለም ይለብሳል። «ሺፍት»ንና «ኤፍ9»ን በአንድነት ሲጫኑም በቀኑ ፋንታ በጠምዛዛ ቅንፍ ውስጥ ያለው ትዕዛዝ ይታያል፤ እንደገና ሲጫኑ ቀኑ ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜ ተጠቃሚው ሳያውቅ «አልት»ንና «ኤፍ9»ን ስለሚጫን በሰነዱ ውስጥ ያሉት ፊልዶች ሁሉ ወደ ትዕዛዝነት ተለውጠው ይታያሉ። ሰነዱ የተበላሸ ቢመስልም ያንኑ ቁልፍ ደግሞ በመጫን ወደነበረበት ይመለሳል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ እነዚህ ቁልፎች የሚሠሩት «ኤፍ ኤን» ከተባለው ቁልፍ ጋር ሲጫኑ ብቻ ነው።

ተለዋዋጩን ቀን ወደ ቋሚ ጽሑፍ ለመለወጥ ቀኑን ብቻ መርጦ «ኮንትሮል»ን፣ «ሺፍት»ንና «ኤፍ9»ን በአንድነት መጫን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ትዕዛዙ የሚያጸናው በዚያች ቅጽበት የሚታየውን ቀን በመሆኑ፣ የሚታየው ቀን ስህተት ከሆነ አስቀድሞ ትክክለኛው መጻፍ አለበት። ሁለተኛው፣ ሰነዱ በሙሉ ከተመረጠ የማውጫውና የሌሎች ፊልዶች ግንኙነት አብሮ ስለሚቋረጥ ከቀኑ በስተቀር ሌላ ነገር መመረጥ የለበትም። ቀኑን ለጊዜው ብቻ ባለበት ማቆየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ «ኮንትሮል»ንና «ኤፍ11»ን በመጫን ሊቆልፈው፣ «ኮንትሮል»ን፣ «ሺፍት»ንና «ኤፍ11»ን በመጫን ሊከፍተው ይችላል። በአንጻሩ መታደስ ሲገባው አልታደስ ያለ ቀን ካጋጠመ፣ ቀኑ ቋሚ ጽሑፍ ሆኖ ወይም ተቆልፎ እንደሆነ መመርመር ይገባል።

በየጊዜው ተመሳሳይ ደብዳቤ ለሚያዘጋጁ ክፍሎች የተሻለ አማራጭ አለ። በ«ኢንሰርት» ሥር «ኩዊክ ፓርትስ» ከሚለው ውስጥ «ፊልድ» የሚለውን ሲመርጡ በርካታ የቀን ዓይነቶች ይዘረዘራሉ። «ዴት» የሚለው ከላይ የተገለጸው ተለዋዋጭ ቀን ነው። «ክሪኤት ዴት» ሰነዱ የተፈጠረበትን፣ «ሴቭ ዴት» ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠበትን፣ «ፕሪንት ዴት» ደግሞ የታተመበትን ቀን ያሳያሉ። በናሙና ደብዳቤ ላይ «ክሪኤት ዴት» ቢገባ ከናሙናው የሚወጣው እያንዳንዱ አዲስ ደብዳቤ የተፈጠረበትን ቀን ይዞ ይኖራል። ይሁን እንጂ የአምናን ደብዳቤ ከፍቶ «ሴቭ አዝ» በማለት በሌላ ስም የማስቀመጥ ልማድ የተፈጠረበትን ቀን ስለሚለውጠው፣ ይህም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ የሚታመን አይደለም።

ክፍት የሶርስ ፕሮግራም የሆነው ሊብሬ ኦፊስ ራይተርም ቋሚውንና ተለዋዋጩን ቀን ለየብቻ አቅርቧል። ተጠቃሚው የትኛውን እንደመረጠ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

የጠፋውን ቀን ፍለጋ

ቀኑ የተለወጠ የቆየ ደብዳቤ ሲገኝ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ፋይሉን መልሶ አለማስቀመጥ ነው። ሳይቀመጥ «ፋይል» ከሚለው ሥር «ኢንፎ» የሚለው ገጽ ሲከፈት ሰነዱ የተፈጠረበትና ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከለበት ቀን ይታያል። ፋይሉ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተገልብጦ ከሆነ በዊንዶውስ የፋይል ዝርዝር ላይ «የተፈጠረበት» ተብሎ የሚታየው የተገለበጠበት ቀን ሊሆን ስለሚችል በእርሱ ብቻ መደምደም አይገባም። ከዚህ ይልቅ በኢሜይል የተላከበት ቀን፣ በስካነር የተነሣ ቅጂና ከሁሉም በላይ የመዝገብ ቤቱ የወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ የተሻለ ማስረጃ ይሆናሉ።

ቀኑ ከመነሻው ስህተት ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የጽሑፍ ፕሮግራሙ አይደለም። ፕሮግራሙ ቀኑን የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ሰዓት በመሆኑ፣ ሰዓቱ ከተሳሳተ ደብዳቤውም ይሳሳታል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ሲነቀል ሰዓቱ እንዲቆጥር የምታደርገው ይህች ባትሪ ናት። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ላይ የምትገኘው ባለ 3 ቮልት ስትሆን «ሲአር2032» በሚል መጠሪያ ትታወቃለች። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የታወቁ ድረ ገጾችን «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ» እያለ አልከፍትም ማለቱም ሌላው ምልክት ነው።

ሌላው መንስኤ የሰዓት ክልል ነው። ኮምፒውተሩ ከተገዛ ጀምሮ በአሜሪካ የፓስፊክ ሰዓት እንደተሞላ ከሆነና ከኢንተርኔት ሰዓት ጋር የሚናበብ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቢሮ የገባ ሠራተኛ የሚጽፈው ደብዳቤ የትናንቱን ቀን ይይዛል፤ በዚያ ገና ያለፈው ቀን ምሽት ነውና። ከሰዓት በኋላ ሲጻፍ ግን ትክክለኛው ቀን ስለሚገባ ስህተቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። በዊንዶውስ ለኢትዮጵያ የሚስማማው ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት የሚቀድመውና በናይሮቢ ስም የተመዘገበው ክልል ነው።

አንድ አኃዝ፣ ሦስት ቀኖች

በአገራችን ሁኔታ ተጨማሪ ትኩረት የሚሻው የቀን አጻጻፍ ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተሞላ ወርን ያስቀድማል፤ በእንግሊዝ አጻጻፍ ከተሞላ ቀንን ያስቀድማል። ለምሳሌ 03/04/2016 ተብሎ የተጻፈን ቀን እንውሰድ። በአሜሪካ አጻጻፍ ማርች 4 ቀን 2016፣ በእንግሊዝ አጻጻፍ ኤፕሪል 3 ቀን 2016 ይሆናል። በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ካነበብነው ደግሞ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 2023 ነው። በአንድ ዓይነት አኃዝ በተጻፉት በእነዚህ ቀኖች መካከል ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት አለ።

የጽሑፍ ፕሮግራሙን ቋንቋ ወደ አማርኛ መለወጥም ይህን ችግር አያስወግድም። ዊንዶውስ ለአማርኛ የሚጠቀመው የጎርጎርዮስን የዘመን አቆጣጠር በመሆኑ፣ የወሩ ስም በፊደላችን ተጽፎ ቢወጣም ቀኑ የእኛ ቀን አይደለም። «8 ዓመት ቀንሶ መጻፍ» የሚለው አቋራጭ መንገድም አያዋጣም። ልዩነቱ ከመስከረም 1 ቀን እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ 8 ዓመት ነው። መስከረም 1 ቀንም አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ቢውልም ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግሥት፣ እንደ 2016 ዓ.ም. ሁሉ፣ በሴፕቴምበር 12 ይውላል። ስለዚህ በአማርኛ ደብዳቤ ላይ ቀኑን ካሌንደር ተመልክቶ፣ የወሩን ስም በፊደል ገልጾና «ዓ.ም.» የሚለውን ጨምሮ በእጅ መጻፍ የተሻለው መንገድ ነው። በእንግሊዝኛ ደብዳቤም ወሩ በአኃዝ ሳይሆን በስሙ ቢጻፍ ጥርጣሬው ይወገዳል።

የመዝገብ ቤቱ ልማድ

ለዚህ ችግር መፍትሔው በመሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ ቀድሞም የነበረ ነው። በተለመደው አሠራር የደብዳቤው የቁጥርና የቀን ቦታ ክፍቱን ይተዋል። ኃላፊው ከፈረመ በኋላ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቁጥሩንና ቀኑን በብዕር ሞልቶ፣ በወጪ መዝገቡ ላይ አስፍሮ፣ ማኅተም አድርጎ ያወጣዋል። ደብዳቤው ሰኞ ተረቅቆ ሐሙስ ቢፈረም የሚይዘው ሐሙስን ነው፤ ኮምፒውተሩ ስለዚህ የሚያውቀው ነገር የለም። በብዕር የሰፈረው ቀን ፋይሉ ስንት ጊዜ ቢከፈት አይለወጥም።

ኮምፒውተር መጠቀም ይህን ልማድ መተው ማለት አይደለም። ቀኑን በኮምፒውተር ማስገባት የሚመርጥ ክፍል «በራስህ አድስ» የሚለውን ምልክት ማንሣት፣ ተፈርሞ የወጣውን ደብዳቤ በስካነር አንሥቶ ወይም በፒዲኤፍ መልክ ማስቀመጥ፣ ቅጂ ሲጠየቅም ከዚያ እንጂ ከረቂቁ ፋይል አለማተም ይኖርበታል። የኮምፒውተሩ ሰዓትና የሰዓት ክልልም በየጊዜው ሊታይ ይገባል። ደብዳቤ ተቀባዩም ቢሆን ወረቀቱን ሲረከብ ራስጌው ላይ ያለውን ቀን አንብቦ፣ ከተረከበበት ቀን ጋር አመሳክሮና የደረሰበትን ቀን በራሱ እጅ ጽፎ መፈረሙ ነገ ለሚነሣ ጥያቄ ዛሬ የሚያስቀምጠው ማስረጃ ነው።