ሞተሩ ሳይሞቅ

እንሴኖ የደረስነው በማለዳ ነበር። ከቡታጅራ በስተደቡብ ባለችው በዚህች የገበያ ከተማ በርበሬ በሚጫንበት ሰሞን አየሩ ራሱ ያስነጥሳል። አጎቴ የማረቆ በርበሬ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስበት ያገለገለ አይሱዙ ሊገዛ ቆርጧል። ሻጩ መኪናውን አስነስቶ ጠበቀን። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ሞተሩም እኩል ይመታል። አብሮን የመጣው አንጋፋ መካኒክ ሰላምታውን እንደጨረሰ እጁን ራዲያተሩ ላይ አሳረፈና «ሞቋል» አለ። ወደ አጎቴ ዞሮም «ጋሼ፣ ዛሬ አንየው፤ ነገ በጠዋት እንመለስ» አለው። ለሻጩ ደግሞ «አደራህን ወንድሜ፣ እኛ ሳንደርስ እንዳታስነሳው» ብሎ መንገዱን ጀመረ።

አጎቴ ቀኑ ስለባከነበት ተናደደ። እኔ ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ መኪና ሊገዛ ለተነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ሞተሩን ሳይሞቅ እየው።

ምክንያቱ ያለው ናፍጣ በሚቃጠልበት መንገድ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም፤ እሳቱን የሚያገኘው አየር በመጭመቅ ነው። ጎማ በእጅ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። ፒስተኑም ሲሊንደር ውስጥ የገባውን አየር ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ እጥፍ ሲያጨናንቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ናፍጣው በዚያ አየር ውስጥ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። የፒስተን ቀለበቶቹ ካለቁ ግን የተጨመቀው አየር በጎን ያመልጣል። ሌሊቱን ያደረው ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ የተረፈውን ሙቀት ይሻማል። ናፍጣው ሳይቃጠል በጉም መልክ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሞተሩ አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ብረቱ ሙቀት መሻማቱን ይተዋል፣ ክፍተቱም ይጠባል፣ ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ሞተሩን አሙቆ የጠበቀ ሻጭ፣ ክፋት አስቦ ባይሆን እንኳ፣ ዋናውን ምስክር አሰናብቶታል።

በማግስቱ ስንመለስ መኪናው እንዳደረ ነበር። መካኒኩ ማስነሳቱን ለሻጩ ትቶ ራሱ ጭስ ማውጫው አጠገብ ቆመ። ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ፤ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ዓይናችንንም አቃጠለን። ሰዓቴን ተመለከትኩ፤ ጭሱ እስኪጠራ አራት ደቂቃ ወሰደ።

የጭስ ቀለም ብዙ ይናገራል። እንዲህ ዓይን የሚያቃጥልና ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይለቅ፣ የራዲያተር ውኃም አብሮት የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታው ጓርኒሲዮን ወይም ቴስታው ራሱ ይጠረጠራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው።

ቀጥሎ መካኒኩ ጋቢናውን ወደፊት አጋድሞ፣ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታና ገልብጦ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። ክዳኑ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም መዝለል ጀመረ። በቀለበቶቹ ያመለጠው ጋዝ ከሥር እየገፋው ነበር። በጤነኛ ሞተር ላይ እንዲህ የተገለበጠ ክዳን ጥቂት ቢርገበገብ እንጂ ከቦታው አይዘልም። አጎቴ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

በከፍተኛ ቦታ ለምንኖር ሰዎች ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል። ቡታጅራና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ናቸው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ከመነሻው ሳስቷል ማለት ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ የሲሊንደሩን የመጭመቅ ግፊት 30 ባር የሚል ከሆነ፣ ደህና ሞተር እዚህ 24 ቢያሳይ ሊያስደነግጥ አይገባም። ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ የሚበልጠው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ነው፤ ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ወደ ኋላ ከቀረ በሽታው እሱ ጋ ነው።

ውኃም በከፍታ ይለወጣል። በ2,000 ሜትር ላይ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የሥራ ላይ ሞተር ደግሞ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱን የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ስፕሪንጉ ደህና ከሆነ ውስጡን አፍኖ ይይዝና የመፍያ ነጥቡን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ስለዚህ ከመልካ ቁንጥሬ ወደ ዓለም ገና ጭኖ ሲወጣ የሚፈላ መኪና ችግሩ አንዳንዴ የርካሽ ክዳን ብቻ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ግን ክዳኑን ማንም አይክፈት፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ውኃው በአንዴ ፈልቶ ፊት ያቃጥላል።

ለቀለም ደግሞ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ይበቃል። የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አያልፍም፤ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ላሜራው ተጋጭቶ በስቱኮ የተሞላ ከሆነ ግን፣ የማግኔት ጉልበት በርቀት ፈጥኖ ስለሚደክም፣ ማግኔቱ ተንሸራቶ ይወርዳል። እኛም የግራው በር ላይ እንዲህ ያለ ሁለት ቦታ አገኘን። ሻጩ ግጭቱን ደብቆ አልነበረም፤ ስንጠይቀው ወዲያው ነገረን።

በውጭ ሀገር ያገለገለ የሞተር ጀልባ የሚገዛ ሰው የሚያስመረምረውም እንዲሁ ነው። ጀልባው ከውኃ ወጥቶ መርማሪው ሆዱን በትንሽ መዶሻ እየቆረቆረ ያዳምጣል፤ ውኃ የሰረገበት ቦታ ድምፁ ይደነዝዛል። ሞተሩን እሱም ሳይሞቅ ነው ማየት የሚፈልገው። ልማዱ ረጅም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1760 የኤድዋርድ ሎይድ የለንደን ቡና ቤት ደንበኞች ተሰባስበው፣ መርከቦችን እያስመረመረ ደረጃ የሚሰጥ ማኅበር አቋቋሙ። ነጋዴው በማያየው ዕቃ ላይ ገንዘቡን የሚያፈሰው የታመነ ዓይን ሲያይለት መሆኑ ያን ጊዜ ገብቷቸዋል።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቷል፤ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎቹ ዋነኛው ነው። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነበር። ገዢ ደህናውን ከብልሹ መለየት ሲያቅተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ደህና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ ብልሹው እየበዛ ዋጋው ደግሞ ይወርዳል። እኛ ዘንድ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ እዚሁ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ያረጃል። ለዚህ ነው የመካኒክን ዓይን ለሻጭም ለገዢም የማከብረው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር ማመሳከር፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ማጣራት ደግሞ ገንዘብ ከመቆጠሩ በፊት ነው።

መካኒኩ የመጨረሻውን ሥራ የሠራው መሬት ላይ ተኝቶ ነው። ከኋላው ባሌስትራ በላይ ሻንሲውን በብረት ብሩሽ አጸዳ፣ ላምባ ቀባው፣ ጥቂት ጠብቆ በጨርቅ አደረቀው። ከዚያ ጠመኔ ፈጭቶ አለበሰው። የባቡር ጥገና ቤቶች ከመቶ ዓመት በፊት የተሰነጠቀ ብረት ያገኙበት ዘዴ ነው፤ ላምባ ቀጭን ስለሆነ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ጠመኔው ደግሞ መልሶ ይስበዋል። ነጩ ዱቄት ላይ ቀስ እያለ አንድ የረጠበ መስመር ወጣ፤ ርዝመቱ ጣት ያህላል፣ ከብሎን ቀዳዳው ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል።

ሻጩ ጎንበስ ብሎ አየው። በዚያው ሳምንት በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ ደርሶ መመለሱን ነገረን። በጣቱ መስመሩን ጠረገው፤ መካኒኩ ጠመኔውን ደግሞ ነሰነሰበት፤ መስመሩ እንደገና ወጣ። ሻጩ ብድግ ብሎ ለጫኞቹ ደወለ፣ የከሰዓቱን ጭነትም አስቀረ።