የማሽላ ቡቃያ ከብት እንዳይገድል

ማሽላ እህሉ ለሰው፣ አገዳው ለከብት የሚሆን ጠቃሚ ሰብል ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰብል በለጋነቱ ወይም በዝናብ እጥረት ጠውልጎ ሳለ ከብት ከበላው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊገድል ይችላል። በሬው የሞተበት ገበሬ ደግሞ የሚጎዳው በከብቱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ሳይታረስ በሚቀረው መሬቱም ጭምር ነው።

ለመሆኑ መርዙ ከየት ይመጣል? ማሽላ ሲያድግ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ ሊለቅ የሚችል፣ በቀላሉ የሚፈርስ ውህድ ይሠራል። ከዚያም ኤንዛይም፣ ማለትም በተክሉ ውስጥ ሥራ የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን፣ ግሉኮስ የተባለውን ስኳር ከውህዱ ጋር ያያይዘዋል። በዚህ ዓይነት የሚገኘው ነገር ዱሪን ይባላል። ስኳሩ መርዙን አስሮ ስለሚይዘው ተክሉ አይጎዳም። ከብቱ ቅጠሉን ሲያኝክ ግን ተለይቶ የተቀመጠ ሌላ ኤንዛይም ከዱሪኑ ጋር ይገናኝና ስኳሩን ይነጥለዋል፤ ሲያናይዱም ይለቀቃል።

ዱሪን በሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፣ ስኳሩን የሚያያይዘው ኤንዛይም ተለይቶ የታወቀው በ1999 ነው። በ2001 ደግሞ ተመራማሪዎች ዱሪን የመሥራትን ችሎታ ወደ ሌላ ተክል አዛውረው፣ ተክሉን ቅጠል ከሚበላ ጥንዚዛ እንደሚከላከልለት አረጋግጠዋል።

ስለሆነም የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ማድረግ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ማሽላ ለከብት አይሰጥም። በሽልሻሎ ጊዜ የሚነቀለው ቡቃያም እንዲሁ በእርጥቡ መሰጠት የለበትም።

2ኛ/ ቢረዝምም በድርቅ የጠወለገውን፣ እንዲሁም ከአጨዳ በኋላ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጠውን ማሽላ ከብት እንዳይግጠው መጠበቅ ይገባል።

3ኛ/ የተራበ ከብት ወደ ማሽላ ማሳ ከመለቀቁ በፊት ሌላ መኖ መብላት አለበት።

የተመረዘ ከብት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይንገዳገዳል፤ ከዚያም ይወድቃል። ይህ ሲታይ የቀሩትን ከብቶች ወዲያውኑ ከማሳው ማውጣትና የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያሻል። ሐኪሙ በጊዜ ከደረሰ በመርፌ የሚሰጥ ማርከሻ አለ። በስሎ የደረቀው የማሽላ እህል ግን ይህ አደጋ ስለሌለበት ማንም ሊሰጋ አይገባውም።

አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠነቀቅ የጎረቤቱን ከብት አያድንም። ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ማሳዎቹ ለግጦሽ የሚከፈቱበትን ቀን ከአባላቱ ጋር መክረው ቢወስኑና ለእረኞች ሁሉ ቢያስታውቁ፣ ብዙ ጥማድ በሬ ከሞት ይተርፋል።