ዶቅማ መቀባት መብራት አይሰጥም

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ሶላር የሚገዛ ሰው «ፀሐዩን የሚስበው ጥቁሩ ቀለም ነው» ሲባል ይሰማል። አሁን ደግሞ «ዶቅማ ጨምቀህ መስታወት ላይ ቀባ» የሚል ተጨምሮበታል። ሱቅ ውስጥ ያለው ፓኔል በአብዛኛው ሲሊከን ነው፤ ቀለም አያስፈልገውም። የዶቅማው ወሬ ግን መነሻ አለው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ተከተል ዮሐንስና ባልደረቦቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. በዶቅማ ቀለም ስለሠሩት የፀሐይ ሴል ጥናት አሳትመዋል። ወሬኛው የዘለለው ዋናውን ጉዳይ ነው፤ እዚያ ቀለም አይቀባም፣ ይታሰራል።

ኦሬጋንና ግሬትዝል በ1991 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቁት በዚህ ሴል ውስጥ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ የግድግዳ ቀለምን የሚያነጣው ያው ዱቄት፣ ለዓይን ከሚታየው ብርሃን እምብዛም አይውጥም። የሚውጠው ቀለሙ ነው፤ ብርሃኑ ያነቃቃውን ኤሌክትሮን ግን ወዲያው ለቲታኒየሙ ካላስረከበ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ለርክክቡ መቀራረብ ብቻ አይበቃም። አንቶሲያኒን የተባለው የፍራፍሬ ቀለም፣ ጎን ለጎን ሁለት ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ካለው፣ ሃይድሮጅኖቹን ጥሎ በሁለቱ ኦክስጅኖች ቲታኒየሙን ይይዛል። ማገር በአንድ የቃጫ ቋጠሮ ይዞራል፣ በሁለት ይጸናል፤ እንደዚያ ነው። ነጩን የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ስስ ንጣፍ ጭማቂው ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በአልኮል ብታለቀልቁት ቀለሙ አይለቅም፤ እንዲያውም ቀይ የነበረው ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። ባዶ መስታወት ላይ ግን ታጥቦ ይሄዳል።

ደራርቦ መቀባትም ጉዳት ነው። ቲታኒየሙን የነካው የመጀመሪያው ሽፋን ብቻ ኤሌክትሮን ያስረክባል፤ ከላይ ያለው ሽፋን ብርሃን ይሻማል እንጂ አይረዳም። በትክክል ታስሮም ቢሆን የፍራፍሬ ቀለም ሴል ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ብቃቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ አይዘልም።

በዚሁ ሴል ውስጥ ከፍራፍሬ ቀለም ሌላ የሚሠራባቸው፣ ሩቴኒየም የተባለ ብረት ያለባቸው ቀለሞች ቲታኒየሙን የሚይዙት ሁለት ኦክስጅን ባለው ካርቦክሲል በተባለ ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ ግን እኛ ኬሚስቶችም አልተስማማንም። ሁለቱ ኦክስጅኖች አንድ ቲታኒየም ይጋራሉ ወይስ በሁለት ጎረቤታሞች ላይ ድልድይ ይሠራሉ? አንዱን የኢንፍራሬድ ምልክት ሁለት ተመራማሪዎች በሁለት ዓይነት ያነቡታል። እኔ ወደ ድልድዩ አደላለሁ፤ ሆኖም አሲድነቱና የክሪስታሉ ገጽታ ሲለወጥ መልሱም ሊለወጥ ይችላል።

ውሃ ግን ይህ ክርክር አያግደውም፤ ሴሉ ውስጥ ከገባ ማሰሪያውን ቀስ በቀስ ይፈታዋል። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ይፈጥናል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን ያህል ቀለም እንደታሰረ የሚታወቀውም ንጣፉን በሶዳው አጥቦ የወረደውን ቀለም በመለካት ነው።