መለኪያም ይለካል
ልጄ ሆይ፤ በእጅ የሚያዘው ዲጂታል ቴርሞሜትር ቍጥሩን አጥርቶ ስላሳየ ብቻ እውነተኛ ነው አትበል፤ አስቀድመህ መርምረው። የተፈጨ በረዶ በብርጭቆ ሞልተህ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ጨምር፤ አማስለህም ጥቂት ደቂቃ ቆይ፤ ዘንጉንም ግድግዳውንና ታቹን ሳታስነካ ከመካከል አጥልቅ። ቍጥሩ ሲረጋ 0 ዲግሪ ሊሆን ይገባል። 3 ቢል በማስተካከያው ወደ 0 መልሰው፤ ማስተካከያ ባይኖረው ከሚያሳየው ቍጥር 3 ቀንስ። በፈላ ውኃ ስትመረምር የአገሩን ከፍታ አስብ፤ ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100፥ በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና። ብዙው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይጠበቃል፤ 3 የሚጨምር መለኪያ 2 ሲል እውነቱ ከ0 በታች ነው፤ ክትባቱም በብርድ ተበላሽቶ ሕፃኑን ላያድን ይችላል። በሌላው ላይ የሚፈርድ አስቀድሞ ራሱን በማይለወጥ ሚዛን ይመዝን።