የአዋሽን ገደል በጎማ ጀልባ ለመውረድ ሲታሰብ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፏፏቴውን ወርዶ ወደ ገደሉ ሲገባ ዝምተኛው ወንዝ ጠባዩን ይለውጣል፤ በአለቶች መካከል እየተጋፋ አረፋ ይደፍቃል። ይህን ክፍል በጎማ ጀልባ ወይም በካያክ ለመውረድ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያጣራ የሚገባው የውኃውን መጠን ነው።

አካባቢው ደረቅ ቆላ በመሆኑ ብዙዎች የወንዙን ሁኔታ ከራሳቸው በላይ ባለው ሰማይ ይገምታሉ። ግምቱ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የአዋሽ ውኃ የሩቅ ደጋ ውኃ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብም አፈሳሰሱን ይወስናል። መተሐራ ላይ ፀሐይ እያቃጠለች ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ከገደሉ በታች ደግሞ ከሰምና ቀበና ከሰሜን ሸዋ ተራሮች ወርደው ይቀላቀሉታል፤ የደጋው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ቆላው ላይ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በሐምሌና በነሐሴ መውረድ ድፍረት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። በበጋው መጨረሻ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ ውኃው ሲጎድልም ጀልባው ከድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የሚሻለው ክረምቱ ወጥቶ ጎርፉ ጋብ ሲል ያለው ጊዜ ነው።

በዓለም አቀፉ መለኪያ ፈጣን ወራጆች ከ1 እስከ 6 ይመደባሉ። ሆኖም ደረጃው ከውኃው ከፍታ ጋር ይለዋወጣል፤ ትናንት ቀላል የነበረው ዛሬ አስፈሪ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ልምድ ያላቸው ቀዛፊዎች ከእያንዳንዱ ከባድ ወራጅ በላይ ዳር ይዘው ይቆማሉ፤ በእግር ሄደው ያዩታል፤ ካላመኑበት ጀልባውን ተሸክመው ያልፋሉ። ዋና መቻል ብቻውን እዚህ ብዙም አያዋጣም። ከጀልባ የወደቀ ሰው እግሩን ወደ ወንዙ መውረጃ አቅጣጫ ዘርግቶ በጀርባው ሊንሳፈፍ ይገባል፤ ለመቆም ከሞከረ እግሩ በድንጋይ መካከል ይያዝና ውኃው ይደፍቀዋል። ውኃ ውስጥ የተጋደመ ዛፍም ከድንጋይ የከፋ ነው፤ ውኃውን ያሳልፋል፣ ሰውን ያስቀራል። የመንሳፈፊያ ሰደርያና ሄልሜት የማይታለፉ ናቸው።

በወንዙ አዞና ጉማሬ አሉ። ስለዚህ ምሽት ላይ ከውኃው ዳር መስፈር አይገባም፤ በደረቅ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ ድንኳን መትከልም እንዲሁ። የወንዙን ውኃ ሳያጣሩና ሳያፈሉ መጠጣት ለበሽታ ያጋልጣል። በመካከለኛው አዋሽ የተስፋፋው የፕሮሶፒስ እሾህ የጎማ ጀልባን ይበሳልና መጠገኛ መያዝ ግድ ነው።

ከፓርኩ አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ የዝግጅቱ አካል ነው። የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብት የሚያጠጡበትን መልካ፣ አዞ የሚበዛበትንም ስፍራ ከማንኛውም ካርታ አብልጠው ያውቃሉና ሽማግሌዎቹን ቀድሞ ማነጋገር ይበጃል። በገደሉ ውስጥ ስልክ ላይሠራ ስለሚችል፣ መውጫው ላይ መኪና ይዞ የሚጠብቅ ሰው መኖር አለበት፤ ቡድኑ በስንት ሰዓት ካልደረሰ ፍለጋ እንደሚጀመርም ከመነሻው ይነገረዋል።